ክኒኗ ለምን በየቀኑ ትዋጣለች? ስለ ካንሰርና ስለ ኢንዛይም ገቺ መድኃኒቶች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንዴት አመሻችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ድምፄ ይደርሳል? ጥሩ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ "አዳራሹ ውስጥ የኬሚስትሪ ተማሪም፣ ታማሚም፣ አስታማሚም ይኖራል" ብለውኛል። ስለዚህ ለሁላችሁም የምትሆን አንዲት ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ክኒኗ ለምን በየቀኑ ትዋጣለች? ታማሚው ተሽሎታል፣ እየበላ ነው፣ ሥራ ገብቷል፣ የደም ምርመራውም ጥሩ ነው። ታዲያ ለምን ዛሬም? ለምን ነገም? "ሐኪም ስላዘዘ" ብሎ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን በዚህ መልስ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ምክንያቱ ያልገባው ሰው አንድ ቀን ይተዋታል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ኬሚስት ነኝ። ሥራዬ መድኃኒት ሊሆኑ የሚችሉ ሞለኪውሎችን መሥራት ነው፤ በተለይ የካንሰር ሴል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን የሚገቱትን። ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ኢንዛይም ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ኢንዛይም እንዴት ይገታል? ሦስተኛ፣ ወደ ክኒኗ እንመለሳለን። በመሃል ስለ አጎቴ አወራለሁ፣ ታገሡኝ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል።

እሺ፣ አንደኛው። እዚህ ውስጥ ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ማን አለ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አዎ፣ እናቶች፣ አውቄያለሁ! ብቅል እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ገብሱ ይነከራል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ነጭ ሥር ያወጣል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከደረቀው ብቅል አንድ ፍሬ ወርወር አድርጋችሁ አኝኩት። ይጣፍጣል። ጥሬ ገብስ ብታኝኩ ግን እንደዚያ አይጣፍጥም። ስኳሩን ማን ጨመረበት? ማንም አልጨመረም። ፍሬው ሊበቅል ሲነሣ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ውስጡ ይነቃል፤ እሱ ስታርቹን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል። ጋን ውስጥ እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ገብሱን መጀመሪያ ብትቆሉት ኖሮ ኢንዛይሙን እሳት ይገድለዋል፤ ብቅል ብሎ ነገር አይኖርም።

ኢንዛይም ማለት ይኸው ነው፤ ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን። ሠርቶ አያልቅም። አንዱን ቆርጦ ይለቅና ሌላውን ይይዛል፣ እሱን ለቆ ሌላ ይይዛል። በእያንዳንዱ ኢንዛይም ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ እኛ ኪስ እንላታለን። ሥራው የሚሠራው እዚያች ኪስ ውስጥ ነው። ኪሷን አስታውሱልኝ። ዛሬ የማወራው ሁሉ ስለ እሷ ነው።

ሰውነታችን ውስጥ ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ከ500 በላይ ናቸው። ኤቲፒ ከሚባለው የሴል ስንቅ ላይ ፎስፌት የምትባል አንዲት ቁራጭ ነቅለው ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ። በቃ፣ ሥራቸው ይህ ነው። ግን ያቺ ፎስፌት ትእዛዝ ናት። "ተነሥ" ማለት ናት፣ "እደግ" ማለት ናት፣ "ለሁለት ተከፈል" ማለት ናት። ጤነኛ ሴል ውስጥ ካይኔዙ ሲፈለግ ይበራል፣ ሲበቃ ይጠፋል። አንዳንድ ካንሰር ላይ ግን ማጥፊያው ይበላሽና በርቶ ይቀራል። ቀንም በርቶ፣ ሌሊትም በርቶ፣ "ተከፈል፣ ተከፈል፣ ተከፈል" ይላል።

አሁን ስለ አጎቴ። ጋሼ ነው የምላቸው። የሒሳብ መምህር ናቸው። ለዓመታት ቆላ አስተምረው ደብረ ብርሃን ከተመለሱ በኋላ ክሳት ጀመራቸው። ሁለት ጉርሻ በልተው "ጠገብኩ" ይላሉ። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ አንሶላው ይጨመቃል። በግራ ጎናቸው፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር፣ አንድ ነገር ወጣ። አንድ ቀን እጄን ይዘው አስነኩኝ። እስከ እምብርታቸው የደረሰ፣ ዳርና ዳሩ የሚለይ፣ እንጨት የመሰለ ነገር ነው። ጣፊያቸው ነበር። ቆላ ስለኖሩ ሁሉም "የወባ ጣፊያ ነው" አላቸው። የወባ ክኒን ዋጡ፣ ጠበልም ሄዱ። ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ደማቸው ሲታይ ነጭ የደም ሴላቸው ከመጠን በላይ በዝቶ ተገኘ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ነው ተባሉ፤ በአጭሩ ሲኤምኤል። ከደም ካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው።

ያኔ አራት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ኢንዛይምን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። እጄን ይዘው ያስነኩኝ ነገር የኢንዛይም ሥራ መሆኑን ግን አላወቅኩም።

ይህ በሽታ ከየት እንደሚመጣ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1960 ፊላዴልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የሲኤምኤል ታማሚዎችን ሴል በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከሌሎቹ ያጠረች አንዲት ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖችን የምትሸከም ክር፣ አገኙ። የፊላዴልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። በ1973 ደግሞ ቺካጎ ላይ ጃኔት ራውሊ የሚባሉ ሐኪም የጎደለው ቁራጭ እንዳልጠፋ አሳዩ። 9ኛዋና 22ኛዋ ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው ነው። በዚያ ልውውጥ ሁለት የማይተዋወቁ ጂኖች ተሰፍተው አንድ ሆነዋል። ቢሲአር-ኤብል እንለዋለን። ከዚያ የሚወጣው ፕሮቲን ካይኔዝ ነው፤ ማጥፊያ የሌለው ካይኔዝ።

አስቡት እስቲ። የጋሼን ጣፊያ እንደዚያ ያሳበጠው አንዲት የመቅኒ ሴል ውስጥ የተፈጠረ የስፌት ስህተት ነው። አስታማሚዎች፣ ይህንን ደግሜ እላለሁ። በዘር አይወረስም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማን አይደለም። የማንም ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ። እንዲህ ያለውን ኢንዛይም እንዴት እናስቁመው? ጓጉንቸር ቁልፍ ላይ የሌላ ቁልፍ መክፈቻ ከትታችሁ ታውቃላችሁ? ይገባል፣ ግን አይዞርም። አንዳንዴ ጭራሽ ይነክሳል። እሱ ቀዳዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ትክክለኛው መክፈቻ መግባት አይችልም። ገቺ መድኃኒት ማለት ይኼ ነው። ኪሷ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ራሱም አይሠራ፣ ሌላውንም አያሠራ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1948 ቦስተን ላይ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ሉኬሚያ ለያዛቸው ሕፃናት ሰጥተው፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ በሽታው ሲሸሽ አሳይተዋል። አሚኖፕተሪን ፎሊክ አሲድን ይመስላል፤ በመምሰሉ ፎሊክ አሲድ የሚገባበትን የኢንዛይም ኪስ ይዘጋል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት ሜቶትሬክሴት የእሱ ወንድም ነው። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ሜታይል ናት። አንድ ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮጅን። ይህቺን ሜታይል ያዙልኝ፣ ትመለሳለች። ችግሩ፣ ያ ኢንዛይም ለካንሰር ሴል ብቻ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ለሚከፈል ሴል ሁሉ ያስፈልጋል፤ ለአንጀት ሽፋን፣ ለአፍ፣ ለመቅኒ። ስለዚህ ጤነኛውም አብሮ ይጎዳል።

ካይኔዝ ላይ ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ሁሉም ኤቲፒን ነው የሚይዙት። ሁሉም አንድ ነገር ከያዙ ኪሳቸው ይመሳሰላል። ኪሳቸው ከተመሳሰለ አንዱን የሚዘጋ መድኃኒት ሁሉንም ቢዘጋስ? በሽታውን ትተን ሰውየውን እንዳንገድል! በዚያ ዘመን "ይሄ አይሆንም" የሚል ሳይንቲስት ብዙ ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ፣ ሲባ-ጋይጊ የሚባል ኩባንያ ውስጥ ግን ይሆናል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው በ1996 ከሳንዶዝ ጋር ተዋህዶ ኖቫርቲስ የሆነው ነው። ኒክ ላይደን ባዮኬሚስት፣ ዩርግ ዚመርማን ኬሚስት። መነሻቸው ፒኬሲ ለሚባል ለሌላ ካይኔዝ ሲፈለግ የተገኘች ሞለኪውል ነበረች። መነሻ እንጂ መድኃኒት አልነበረችም።

ተማሪዎች፣ እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። አንደኛው ጫፏ ላይ ፒሪዲን የሚባል ቀለበት ጨመሩ፤ ሴል ውስጥ ጉልበቷ ጨመረ። ከዚያ በሌላው ጫፍ አማይድ ጨመሩ፤ ኤብልን፣ ማለትም የቢሲአር-ኤብልን የካይኔዝ ክፍል፣ መያዝ ጀመረች። ግን አሁንም ፒኬሲን አልለቀቀችም። ሁለት ጌታ ያላት ሆነች። ምን ይደረግ? መሃለኛው ቀለበት ላይ አንዲት ሜታይል አስቀመጡ። አንድ ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮጅን። ያቺ ሜታይል ቦታ ስትፈልግ አጠገቧ ያሉት ቀለበቶች ተጣመሙ። የተጣመመው ቅርፅ ፒኬሲ ኪስ ውስጥ አልገባ አለ። ኤብል ውስጥ ግን ልክክ አለ።

አንዲት ሜታይል! ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ጋሼ ያኔ አልጋ ላይ ናቸው። እኔ ኖትቡኬ ላይ በእርሳስ አንዲት አጭር መስመር እየጫርኩ "ሜታይል" የምላት ነገር የሰው ዕድሜ እንደሆነች ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሥራው በዚህ አላለቀም። ሞለኪውሏ ውሃ ውስጥ አትሟሟም፤ ያልሟሟ ነገር ደግሞ ከሆድ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ ፓይፐራዚን ያለባት፣ ከአሲድ ጋር ጨው የምትሠራ ጭራ ቀጠሉላት። ሟሟች። ኢማቲኒብ ተባለች፤ በገበያ ስሟ ግሊቬክ።

መሟሟት ካነሣሁ የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ እንደጀመርኩ ስድስት ወር ለፍቼ አንድ ሞለኪውል ሠራሁ። ኢንዛይሙ ላይ ሲሞከር የሰጠው ቁጥር በጣም ጥሩ ነበር፣ እናቴ ጋ ሳይቀር ደወልኩ። በማግስቱ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ጨምሬ ውሃ አደረግሁበት። ነቀነቅኩት። እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ታች ተቀመጠ። አሞቅኩት፣ እንደገና ነቀነቅኩት። ያው ነው። አለቃዬ ቱቦውን ብርሃን ላይ አንሥተው አዩና "ታማሚው ሆድ ውስጥም እንዲህ ነው የሚቀመጠው" አሉኝ። ምክንያቱን ኋላ ደረስኩበት። ሞለኪውሉ በጣም ጠፍጣፋ ነበር። ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች ይደራረባሉ፣ ሞሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ፣ ውሃ በመሃላቸው መግባት አይችልም። ጠፍጣፋነቱን የሚሰብር አንድ ጉብታ ጨመርንበትና መሟሟት ጀመረ። ኢንዛይሙ ላይ የነበረው ጉልበት ግን ቀነሰ። እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ልጆች፣ ሥራችን ይህ ነው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይዛነፋል፤ እሱን ስታስተካክሉ ሦስተኛው ይዛነፋል። ኬሚስት ማለት ይህንን ተሸክሞ ነገ ጠዋት ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው።

ወደ ኢማቲኒብ። በሰኔ 1998 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ፣ ዶክተር ብራያን ድሩከር ለመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች መስጠት ጀመሩ። ውጤቱ በ2001 ታተመ። በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች የ53ቱ ደም ወደ ጤነኛ ቁጥሩ ተመለሰ። ከ54፣ 53! በዚያው ዓመት ግንቦት 10 ቀን አሜሪካ ፈቀደችው። ከዚያ በፊት ለሲኤምኤል የነበረው ኢንተርፌሮን መርፌ ነው፤ ታማሚውን በየጊዜው እንደ ከባድ ጉንፋን አልጋ ላይ የሚጥል። ወይም ወንድም እህት ተገኝቶ የመቅኒ ንቅለ ተከላ። በኋላ 10 ዓመት ገደማ ክትትል በተደረገ ጥናት ላይ በኢማቲኒብ ከጀመሩት ከ100ው 83ቱ ያህል በሕይወት ነበሩ።

ዋጋው ግን ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም። ጋሼ ያገኙት ኩባንያው ማክስ ፋውንዴሽን ከሚባል ድርጅት ጋር ሆኖ በነፃ በሚሰጥበት ፕሮግራም፣ በጥቁር አንበሳ በኩል ነው። ብርቱካናማና ቡኒ መካከል ያለ ቀለም ያላት ክኒን። 400 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። በሦስተኛው ወር ሄጄ እጃቸውን ሳልጠብቅ ራሴ ጎናቸውን ዳሰስኩ። ያ እንጨት የለም። ለስላሳ ሆድ ነው። ራት ላይ ሁለት እንጀራ ሲበሉ አክስቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ክኒኗ። ክኒኗ ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጋር ነው የምትወሰደው፣ ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ትረብሻለች። ዐቢይ ጾም ገባ። ጋሼ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። መጀመሪያ የጠዋቷን ዘለሏት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ምንም አልሆኑም። "እግዚአብሔር ምሕረቱን ሰጥቶኛል፣ ድኛለሁ" ብለው ጭራሽ ተዉ። ለማንም አልተናገሩም። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ስልኬ ጮኸ። "ልጄ፣ ጎኔ ከበደኝ" አሉኝ።

ለምን ተመለሰ? እባካችሁ እዚህ ላይ አድምጡኝ። ጓጉንቸሩን አልሰበርነውም። ቀዳዳውን ነው የያዝነው። ኢማቲኒብ ኪሷ ላይ አልተበየደም፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ደም ውስጥ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይተካል፣ ኪሷ ባዶ አትሆንም። ግን ጉበታችን ውስጥ ሌላ ኢንዛይም አለ፣ የገባውን መድኃኒት እየፈታታ የሚያስወግድ። በ18 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ይሄዳል። ከዚያ የቀረው ግማሽ፣ ደግሞ ግማሽ። ጥቂት ቀን ካልዋጣችሁ ኪሷ ባዶ ትሆናለች። ኢንዛይሙ አልሞተም፤ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር። መቅኒ ውስጥ የተደበቁ ጥቂት ሴሎች አሉ። እንደገና "ተከፈል፣ ተከፈል" ይጀምራል።

መልሱ ይኸው ነው። ክኒኗ በየቀኑ የምትዋጠው በሽተኛ ስለሆናችሁ አይደለም። ጤነኛ ያደረገቻችሁ እሷ በየቀኑ ቀዳዳው ውስጥ ስላለች ነው።

ጋሼን የመለሷቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። "ማታ ከማዕድህ ጋር ውሰዳት፣ ጾምህንም ጹም" አሏቸው። ሐኪማቸውም በዚህ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ ያለው ካሌንደር ላይ በየማታው በቀይ እስክሪብቶ አንዲት የመደመር ምልክት አለች።

ስለ ጉበቱ ኢንዛይም አንድ ነገር ልጨምር፣ አገራችን ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ያንን ኢንዛይም ያበዛዋል፤ ስለዚህ ኢማቲኒቡ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ሲጀመርላችሁ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። አትፈሩ፣ አትደብቁ። "አንዳንድ ሰው አቁሟል ሲባል ሰማን" የምትሉም ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ በሽታው ለዓመታት በጣም ረቂቅ በሆነ ምርመራ እንኳ ያልታየባቸው አንዳንድ ታማሚዎች በሐኪም ውሳኔ አቁመው ደህና ሆነዋል። ግን በየጊዜው ደማቸው እየተለካ ነው። በራስ ውሳኔ ከማቆም ጋር አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። ክኒኗን በትክክል እየዋጡም መሥራት የምታቆምባቸው ሰዎች አሉ። ሴል ሲከፈል ጂኑን ሲገለብጥ አንዳንዴ ፊደል ይሳሳታል። ኤብል ውስጥ 315ኛው ቦታ ላይ ትሪዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን ጡብ፣ አለ፤ ኢማቲኒብ በሃይድሮጅን ቦንድ እጁን የሚይዘው እሱ ነው። በአንድ ፊደል ስህተት ያ ቦታ አይሶሉሲን ይሆናል። አይሶሉሲን እጅ አይሰጥም፣ ደግሞም ወፈር ያለ ነው፣ መግቢያው ላይ ይቆማል። በ2006 ዳሳቲኒብ መጣ፣ በ2007 ኒሎቲኒብ መጣ፤ ሁለቱም ሌሎች ብዙ ስህተቶችን አሸነፉ፣ ይህቺን ግን አልቻሉም። በ2012 የመጣው ፖናቲኒብ ነው የቻላት። እንዴት? ተማሪዎች፣ በሁለት ካርቦን መካከል ሦስት ቦንድ ሲኖር ቅርፁ ምን ይሆናል? ቀጥ ያለ! እንደ መርፌ ቀጭን። ፖናቲኒብ መሃሉ ላይ እንዲህ ያለ ቦንድ አለው፤ በአይሶሉሲኑ ጎን ሾልኮ ያልፋል። ታዲያ ፖናቲኒብ የደም ሥር የመድፈን ጠንቅ አለበት፤ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ በጥብቅ ማስጠንቀቂያ ነው የተመለሰው። በ2021 ደግሞ አሲሚኒብ መጣ፤ እሱ የኤቲፒን ኪስ ጭራሽ አይነካም፣ ከኢንዛይሙ ሌላ ጎን ባለች ሌላ ኪስ ይገባል። እኔም አሁን የምሠራው እንዲህ ባሉ የጎን ኪሶች ላይ ነው፣ በሌላ ካይኔዝ። እስካሁን መድኃኒት አልሆነልንም። የምንሠራው ግን በየቀኑ ነው።

ተማሪዎች፣ ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ውድ ማሽን ላይኖር ይችላል። ግን ሞለኪውል ስትሥሉ እጃችሁ ላይ እርሳስ ነው ያለው፣ ዚመርማንም እርሳስ ነበረው። ሜታይሏን እዚህ ባደርጋትስ፣ እዚያ ባደርጋትስ ብላችሁ ጠይቁ። አስተማሪያችሁን አስቸግሩ። እኔን አስቸግሩ፣ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ ነኝ።

ጋሼ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጭ ጋቢ የለበሱት። አሁን 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ራታቸውን 2 ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት፣ ክኒኗም ኪሳቸው ውስጥ ናት። ስለዚህ እስከ ሩብ ጉዳይ ጥያቄ እንቀበላለን። እሺ፣ እዚያ ጥግ ያለሽው እህቴ፣ ጀምሪ።